ሙያ በ512 ኪሎባይት

ጃጁራም ሆነ ሆሳዕና፣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች በስልኩ መጫወት ያማረው ወጣት የድሮውን ማሽን የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ኢሙሌተሩን፣ እንደጫነ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ባዮሱ የታለ? ብዙው ሰው ያገኘውን ፋይል አስገብቶ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። እኔ ግን ይህ ፋይል ከጨዋታዎቹ እኩል ሊደነቅ ይገባዋል ባይ ነኝ።

መጠኑ 512 ኪሎባይት ነው፤ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ማሽን ሲበራ ሃርድዌሩን የሚያሰናዳው እሱ ነው። ታካፉሚ ፉጂሳዋ በሠራው ድምፅ የታጀበውን ነጭ ስክሪን ያሳያል፤ ከዚያ ሲዲውን አንብቦ ጨዋታውን ያስነሳል። ሲዲ ካልገባ ደግሞ ሙዚቃ ማጫወቻና የሚሞሪ ካርድ ማስተካከያ ያቀርባል።

ዋናው ሙያ የሚታየው ጨዋታው ከተነሳ በኋላ ነው። ማሽኑ ያለው ዋና ራም 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባዮሱ ከዚያ ላይ 64 ኪሎባይት ይዞ የቀረውን ለጨዋታው ይለቃል። ጨዋታው ፋይል መክፈት ወይም ካርድ ላይ መመዝገብ ሲፈልግ በሦስት ቋሚ አድራሻዎች ይጠራዋል። የውስጡ ኮድ ከሞዴል ሞዴል ቢለያይም አድራሻዎቹ አልተነቃነቁም፤ የድሮ ጨዋታ በኋላ በወጣ ማሽን ላይ የሚሠራበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ኮኔክቲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ለእነዚሁ ጥሪዎች የሚመልስ የራሱን ባዮስ ጽፎ ኢሙሌተር ሲሸጥ የፕሌይስቴሽን ሠሪ ሶኒ ከሰሰው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2000 ለጥናት ሲባል የሶኒን ባዮስ መቅዳቱ የተፈቀደ ነው ብሎ ወሰነ።

ለኢሙሌተሩ የትኛውን የባዮስ ፋይል እንደምንሰጠው መምረጥ እንግዲህ ከባድ አይደለም። በማሽኑ የሞዴል ቁጥር ሲለይ፣ የኤስሲፒኤች 5500 ባዮስ ለጃፓን፣ 5501 ለአሜሪካ፣ 5502 ለአውሮፓ ሲዲ ነው። የአውሮፓ ቅጂዎች በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካዎቹ 60 ጊዜ ስክሪኑን ስለሚያድሱ፣ ብዙዎቹ የአውሮፓ ጨዋታዎች ይዘገያሉ። ስለዚህ ምርጫ ካለኝ የአሜሪካውን ቅጂ ከ5501 ጋር አጣምራለሁ። ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን ኤምዲ 5 የተባለ መለያ ቁጥር ኢሙሌተሩ ከሚጠብቀው ጋር ማስተያየትም ግድ ነው፤ አንድ ባይት እንኳ ከተለወጠ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

ባዮሱ አሁንም የሶኒ ንብረት ነው። አሮጌ ፕሌይስቴሽን ቤትህ ካለ ከዚያው ቅዳው፤ ከሌለህ የራሱን አስመሳይ ባዮስ ይዞ የሚመጣ ኢሙሌተር ተጠቀም። አንዳንድ ጨዋታ ላይ ሲደነቃቀፍ ካየኸው፣ የዋናው ሙያ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ይገባሃል።