የታሪክ ድንቃ ድንቅ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች፤ ስለ ቃላት አመራረጡ የቀረበ ትችት

በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ላይ የታሪክ ድንቃ ድንቅና የምርምር ዜና ማጋራት ከተለመደ ሰንብቷል። በፌስቡክና በቴሌግራም በየዕለቱ የሚወጡትን አጫጭር ጽሑፎች ብዙ ሰው ያነባቸዋል፤ ስለ አገሩ ጥንታዊ ቅርስ የሚያውቀውን ሁሉ ከእነዚሁ ያገኘ አንባቢም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጽሑፎቹ በምን ዐይነት አማርኛ እንደሚጻፉ መመርመር የመዝገበ ቃላት አዘጋጂዎችና የተርጓሚዎች ተግባር ነው እንላለን። እዚህ የምንተቸው ስሕተት በቃል ምርጫ በኩል እንዴት እንደሚገባ ነው። የማንንም ገጽ ስም አንጠራም፤ ጉድለቱ የአንድ ሰው አይደለምና።

በመጀመሪያ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከእነዚህ ጽሑፎች አብዛኞቹ ትርጉም መሆናቸው ነው። ስለ አገር ቤት ቅርስ የሚጻፈው እንኳ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ አጥሮና ተቀባብቶ ከተሠራጨ በኋላ ወደ አማርኛ የሚመለስ ነው። ሲመለስም አገር ቤት የነበረውን ስሙን ጥሎ ይመጣል። ነገሩ የሚያሳዝነው ስሙ ከአዲሱ ይልቅ የጠራ ሆኖ ሳለ መጣሉ ነው።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌላት ናቸው። ትውፊት አባ ገሪማ ራሳቸው በአንድ ቀን እንደ ጻፉት ይናገራል፤ የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ግን ከሥዕሉ ጠባይ ተነሥተው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዘመኑን ወደ 1100 ገደማ ያወርዱት ነበር። ኋላ በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ብራናውን ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን መካከል አስቀመጠው፤ ዜናውም እ.ኤ.አ. በ2010 በሰፊው ተሰማ። ጁዲት ማኬንዚና ፍራንሲስ ዋትሰን ስለ እነዚሁ ወንጌላት ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊቃውንቱ የሚሉት፣ እስካሁን ተጠብቀው ከቆዩት በሥዕል ያጌጡ ሙሉ ወንጌላት መካከል እነዚህ ከሁሉ የቀደሙ ሳይሆኑ አይቀሩም ነው።

በየገጹ የሚዞረው ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ በዓለም ላይ ከሁሉ ጥንታዊና ከሁሉ ሙሉ እንደ ሆነ፣ ከኪንግ ጄምስ ትርጉምም በ800 ዓመት እንደሚቀድም ይነገራል። ይህ አባባል በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተዛመተ ሲሆን፣ አማርኛው ቃል በቃል ተቀብሎታል። ቃላቱን አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

«መጽሐፍ ቅዱስ» የተባለው በገሪማ ያለው አርባዕቱ ወንጌል ነው። በውስጡ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ አሉ እንጂ ኦሪትም ሆነ ነቢያት፣ ሄኖክም ሆነ ኩፋሌ የሉበትም። ልዩነቱን ለማመልከት ቃል ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር፤ የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሁሉ አራቱን ወንጌላት የያዘውን ጥራዝ «አርባዕቱ ወንጌል»፣ የመጻሕፍቱን ጠቅላላ ቍጥር ደግሞ «ሰማንያ አሐዱ» ይለዋል። ሰማንያ አሐዱ በስሙ ውስጥ ቍጥሩን ይዞ የሚኖር ስም ነው። ቢሆንም የተጋሩት ጽሑፎች አንዳንዶቹ የመጻሕፍቱን ቍጥር 88፣ አንዳንዶቹም ከ100 በላይ ያደርሱታል። ቍጥሩ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ተቀድቷል፤ ስሙ ግን አልተጠየቀም። ሰማንያ አሐዱም የቀኖና ስም እንጂ የአንድ ጥራዝ ስም አይደለም፤ በግእዝ ሁሉም መጻሕፍት በአንድ ላይ ተጠርዘው የሚገኙበት ብራና እጅግ ብርቅ ነው።

«በሥዕል ያጌጠ» የሚለው ቅጽል ደግሞ በመንገድ ላይ ወድቋል። መውደቁ ትርጉሙን አጉድሎ አልቀረም፤ እውነቱን ወደ ሐሰት ለውጦታል። በግሪክኛ የተጻፉት የሲናና የቫቲካን ብራናዎች ከ4ኛው መቶ ዓመት የተረፉ ናቸው፤ ስለዚህ ያለ ቅጽሉ «ከሁሉ ጥንታዊ» ማለት አይቻልም። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ብራና የሚጠራበት ቃል ከብርሃን ጋር የተዛመደ በመሆኑ፣ ያልተጠነቀቀ ተርጓሚ ሊሰናከልበት ይችላል። እኛ ዘንድ ግን «ሐረግ» የሚለው የጸሐፍት ቃል አለ፤ «በሐረግና በሥዕል ያጌጠ» ቢባል ማንም ይረዳዋል።

የ800 ዓመቱን ስሌት ለመፈተን መቀነስ ብቻ ይበቃል። የኪንግ ጄምስ ትርጉም የታተመው በ1611 ነው። ከዚህ 800 ሲቀነስ 811 ይቀራል፤ ይህም ከካርቦኑ ዘመን ውጭ ነው። በምርመራው መሠረት ልዩነቱ ከ961 እስከ 1281 ዓመት ይደርሳል። የሚገርመው፣ ቅርሱን ከፍ ለማድረግ የተጻፈው ዜና ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቀንሶበታል። ከስሌቱ የሚከፋው ግን ንጽጽሩ ነው። የገሪማው ብራና ቅጂ ነው፤ ኪንግ ጄምስ ትርጉም ነው። የአንድን ቅጂ ዕድሜ ከአንድ ትርጉም ዕድሜ ጋር ማወዳደር የአንዱን ሰው ልደት ከሌላው ሰው ሠርግ ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በሙሉ በአጋሪዎቹ ላይ መጣል አይገባም። የተለመደው አማርኛ «መጽሐፍ» በሚለው አንድ ቃል ድርሰቱንም፣ ትርጉሙንም፣ ቅጂውንም፣ ጥራዙንም ይጠራል። «የእጅ ጽሑፍ» የሚለውም አቻ በጆሮ ላይ የሚያመጣው የተማሪን ደብተር ነው። «ቅጂ» ደግሞ በዛሬው ሰው ዘንድ ዋናው ያልሆነ፣ የተመሰለ ነገር የሚል ስሜት ስላለበት፣ ቅርሱን ለማክበር የሚሻ ጸሐፊ ይሸሸዋል። በእኛ አስተያየት «የብራና መጽሐፍ» ለዕቃው፣ «ድርሰት» ለሐሳቡ ሥራ፣ «ትርጉም» ለተመለሰው፣ «ቅጂ» ከአንድ ምንጭ ለተገለበጠው ቢመደብ ለጊዜው በቂ ነው። ክብርን የሚቀንስ መስሎ የሚታየው «ቅጂ» ከተርጓሚዎች በኩል ድፍረት የተሞላበት አጠቃቀም ይሻል።

ወደ ዘመን አገላለጥ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል። ካርቦን የሚመረምረው ለብራናው ቆዳ የሰጠው እንስሳ የሞተበትን ዘመን ነው እንጂ ብዕር ቀለም የነካበትን ቀን አይደለም። ስለዚህ «በ330 ተጻፈ» ሲባል የዘመኑ ጫፍ ለብቻው መወሰዱ አንድ ስሕተት፣ ግሡ ሁለተኛ ስሕተት ይሆናል። በካርቦን ዘገባ ውስጥ «ከአሁን በፊት» የሚለው ሐረግም የራሱ ሕግ አለው፤ ይህ «አሁን» ጸሐፊው የቆመበት ቀን ሳይሆን በስምምነት የተወሰነው እ.ኤ.አ. 1950 ነው። «ከዛሬ በፊት» ተብሎ ሲተረጐም ቍጥሩ በየዓመቱ የሚያረጅ ይመስላል።

የኦሞ ኪቢሽን የሰው ቅሪተ አካል የሚመለከተው ዜና ሌላውን ጉድለት ያሳያል። ቅሪቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ጥናት ዕድሜው ወደ 195 ሺህ ዓመት ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣው ጥናት ደግሞ ከቅሪቱ በላይ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ 22 ሺህ ዓመት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሚል ልክ 233 ሺህ ዓመት ዕድሜ ሰጠው። አመዱ ከላይ ነው፤ ስለዚህ አጥንቱ ከአመዱ ይቀድማል እንጂ አይከተልም። የጥናቱ ሐሳብ በሙሉ የሚያርፈው «ቢያንስ» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው። አማርኛው ወደ ገጹ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ይህች ቃል ትቀርና «ዕድሜው 233 ሺህ ዓመት መሆኑ ተረጋገጠ» ይባላል።

«ተረጋገጠ» ለምን እንዲህ ይወደዳል? ርእስን አጭርና ብርቱ ስለሚያደርግ ይመስለናል። ጉዳቱ ግን በማግስቱ ይታያል። 195 ሺህ «የተረጋገጠለት» አንባቢ 233 ሺህ «ሲረጋገጥለት»፣ ሳይንስ ቃሉን የማይጠብቅ ሐሜተኛ ይመስለዋል፤ ግምት መሆኑ ተነግሮት ቢሆን ግን ሁለተኛውን ዜና እንደ መሻሻል ይቀበለው ነበር። አማርኛም ለመጠርጠር ቃል ያጣ ቋንቋ አይደለም። ሊቃውንቱ በአንድምታ ትርጓሜ ለአንድ ንባብ ሁለትና ሦስት ፍች «አንድም» እያሉ ሲደረድሩ፣ አንዱን ሳያፀድቁ ሌላውንም ሳይነቅፉ ኖረዋል። ለተርጓሚ የምናቀርበው ደረጃ ቀላል ነው፤ ምንጩ በጥቆማ ከተናገረ «ያመለክታል»፣ በስሌት ከሆነ «ይገመታል»፣ ማስረጃ ካቀረበ «ያሳያል»፣ ከሌላ በኩል በተደረገ ምርመራም ከጸና ያን ጊዜ «ያረጋግጣል»።

«የመጀመሪያው» የሚለውም ቃል ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ነገር እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚ መሆኑ የመጀመሪያ አያሰኘውም፤ በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ቅሪቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 300 ሺህ ዓመት ገደማ ሲገመቱ ይህ ግልጽ ሆኗል። «ከታወቁት ሁሉ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ቦታ አይወስዱም።

የዘመን አቈጣጠሩ ጕዳይ ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ሊታረም የሚችል ነው፤ ስለዚህ መዘግየቱ ያስቈጫል። ድንቅነሽ በሐዳር የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የኦሞ ቅሪት የተገኘው ከላይ እንዳልነው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። «1967» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ በሰባት ዓመት የሚራራቁት ሁለት ግኝቶች የአንድ ወቅት ሥራ ይመስላሉ። («ድንቅነሽ» የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ እንዲህ ሊሰርጽ የቻለው በእነዚሁ ገጾችም ርዳታ መሆኑን ሳንመሰክር አናልፍም።)

በመጨረሻም «ዓ.ዓ.» የሚለው አኅጽሮት አለ። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለም ከፍጥረት ጀምሮ ወደ ላይ የሚቈጠር ነው፤ እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይሆናል፤ 2017 ዓመተ ምሕረትም 7517 ዓመተ ዓለም ነው። ዛሬ ግን ይኸው አኅጽሮት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ዘመን ወደ ታች ለመቍጠር ይውላል። አንድ አጋሪ «በ1000 ዓ.ዓ.» ብሎ ቢጽፍ፣ በአዲሱ አነጋገር ከልደት 1000 ዓመት በፊት፣ በቀድሞው ሒሳብ ግን 4500 ዓመት በፊት ማለቱ ይሆናል። የቀድሞዎቹን ጽሑፎች የሚያነብ ተማሪ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ሊያገኛቸው ይችላል። «ቅ.ል.ክ.» ለሁለተኛው ትርጉም ከተለመደ ቈይቷልና፣ «ዓ.ዓ.» ለባሕረ ሐሳብ እንዲቀር፣ የቃላት መዝገብ አዘጋጂዎችም ሁለቱን በየመግቢያቸው ለይተው እንዲፈቱ እንጠይቃለን።