ፈተና ስለ መሰረዝና ውጤት ስለ መልቀቅ

በአገራችን ብሔራዊ ፈተና ሾለከ በተባለ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ጨርሶ ይሰረዝ» ሲል ሌላው «ያልሰረቀው ልጅ ምን በደለ? ውጤቱ ይለቀቅለት» ይላል። ነገሩን ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሌቦቹ ብዛት ነው፤ ጥቂት ከሆኑ ይለቀቅ፣ ብዙ ከሆኑ ይሰረዝ ማለታቸው ነው። እኔ ብዛቱ ዋናው መለኪያ አይመስለኝም። መጠየቅ የሚገባው የሰረቀውን ካልሰረቀው ለይቶ ማውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው። ይህም ጥያቄ ይልቁን የሚከብደው ሕክምና ለመማር በሚያስቡት ላይ ነው፤ በዚያ ሰልፍ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ማርክ ነውና።

እኔ የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ከጀሞና ከለቡ አልፎ ጥቂት የተጓዘ ሰው ኦሮሚያ ክልል ይገባል። በ2008 ዓ. ም. በከተማው ውስጥ ያለነው ዓመቱን በሙሉ ስንማር፣ በክልሉ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች በተቃውሞው ምክንያት ለወራት ተዘግተው ነበር። ግንቦት 22 ቀን 254,000 ያህል ተማሪዎች ለፈተና ሊቀመጡ ሲሉ የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ተገኘ። ወረቀቱን ያወጡትም ሰዎች ምክንያታቸውን አልሸሸጉም፤ ትምህርት ያመለጣቸው ልጆች እስኪያካክሱ ድረስ ፈተናው ይራዘም ነው ያሉት። የትምህርት ሚኒስቴር በዚያው ቀን ፈተናውን በሙሉ ሰረዘው፤ በሐምሌም እንደገና ተሰጠ።

የላፍቶ ልጅ ያን ጊዜ ማማረሩ አይፈረድበትም፤ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ በጥዋት «ፈተና የለም» ተብሏል። ይሁን እንጂ ውሳኔውን አሁን ሆኜ ስመረምረው ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ። ወረቀቱን ማን አይቶ ማን እንዳላየ የሚለይበት አንዳች መንገድ አልነበረም፤ በዚያ ላይ ገና የታረመ መልስ ስላልነበረ ከማንም እጅ የተነጠቀ ውጤት የለም። እኛ ያጣነው የአንድ ወር ዕረፍት ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው ተማሪ ደግሞ ያንኑ ወር ለማጥኛ አገኘው። በሐምሌው ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ መገናኛዎችን በአገሩ ሁሉ መዝጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ቁልፍ መጥፋት የሰፈሩን በር ሁሉ እንደ መቸንከር እቈጥረዋለሁ።

የምነቅፈው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። የ2013 ዓ. ም. ፈተና ዘግይቶ በ2014 ዓ. ም. ተሰጠ። በዚያም የሲቪክስ፣ ማለት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ፈተና በመሾለኩ ውጤቱ እንዳይያዝ ተወሰነ። (ከትምህርቶች ሁሉ የሥነ ምግባሩ መሰረቁ ለቀልደኞች ጥሩ ሲሳይ ሆኖ ነበር።) ይህ ውሳኔ ላይ ላዩን ሲታይ መካከለኛ ይመስላል፤ ሁሉንም አልሰረዘም፣ ሁሉንም አልለቀቀም። ነገር ግን የተቀጣው ትምህርቱ ነው፤ ሰውየው አልተነካም። የሲቪክስን ወረቀት አስቀድሞ ያገኘ ልጅ ሌሎቹ ማርኮቹ እንዳሉ ይቈዩለታል፤ ሲቪክስን አጥንቶ የሠራው ግን ከሰባቱ ትምህርቶች አንዱ ተቈረጠበት። «ለሁሉም እኩል ተቀነሰ» የሚሉ አሉ። እኩል የተቀነሰው ትምህርቱ ነው እንጂ ማርኩ አይደለም፤ በሲቪክስ ዘጠና አግኝቶ በፊዚክስ ትንሽ የደከመው ልጅና የእርሱ ተቃራኒ የሆነው ጓደኛው ከዚያ ቀን በኋላ ቦታ ተለዋውጠዋል።

ይህን ጉዳይ ከእኛ ይልቅ በግልጥ የተከራከሩበት ሕንዶች ናቸው። በዚያ አገር ለሕክምና ትምህርት ብቻ የሚሰጥ ብሔራዊ መግቢያ ፈተና አለ። እ. ኤ. አ. በ2015 መልሱ በልብስ ውስጥ በተሸሸገ መሣሪያ ለተፈታኞች ሲተላለፍ ተደረሰበት። በምርመራ የታወቁት ተጠቃሚዎች 44 ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ600,000 በላይ ሰዎች የተቀመጡበትን ፈተና በሙሉ ሰረዘ። በ2024 ደግሞ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ተፈትነው 67 ሰዎች ሙሉውን 720 ማርክ ሲያገኙ አገሩ ታወከ። በፓትናና በሃዛሪባግ ከተሞች ወረቀቱ መሾለኩ ተረጋገጠ፤ ተጠቃሚ መስለው የታዩትም 155 ያህል ነበሩ። ይኸው ፍርድ ቤት ግን በዚህ ጊዜ አልሰርዝም አለ።

በ44 ሰዎች ሰርዞ በ155 ሰዎች መተው እብደት ይመስላል። ምክንያቱን ላነበበው ግን አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ መልሱ ወደ ብዙ ክፍለ አገሮች ስለ ተበተነ ከ44ቱ ሌላ ማን እንደ ተጠቀመ መለየት አልተቻለም፤ በሁለተኛው ግን ስርቆቱ ሥር የሰደደና በአገሩ ሁሉ የተስፋፋ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም፤ ወደ ፊት ተጠቃሚ ሆኖ የሚገኝም ቢኖር በግሉ ይወገዳል ተባለ። ከፍርዱ ይልቅ እኔን የማረከኝ አካሄዱ ነው። ፍርድ ቤቱ ከመፍረዱ አስቀድሞ ውጤቱ የተማሪ ስም ሳይጠቀስ በየመፈተኛ ጣቢያው ተዘርዝሮ ለሕዝብ እንዲወጣ አዘዘ። ማርክ ያለ ልክ የተከመረበት ጣቢያ ካለ ማንም ቈጥሮ ያየዋል። ስለዚህ ውጤቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

ይህን ለማድረግ እኛ አንችልም የሚለኝ ሰው አይኖርም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከተዛወረ በኋላ በጥር 2015 ዓ. ም. ሚኒስቴሩ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሹን ማርክ ያገኙት 29,909 ብቻ መሆናቸውን ሲገልጥ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ እንደሚበልጡ ጭምር ተናግሯል። የወደቁትን በየትምህርት ቤቱ መቍጠር ከተቻለ፣ ከልክ በላይ ያለፉትንም እንዲሁ መቍጠር ይቻላል። የሲቪክሱ ማርክ በዚህ ዓይነት ከሌሎቹ ስድስት ትምህርቶች ጎን በየጣቢያው ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ በሲቪክስ ብቻ ሽቅብ የወጣው ጣቢያ ተለይቶ ይታይ ነበር፤ የዚያ ጣቢያ ተማሪዎች ብቻ እንደገና በተፈተኑ፣ የቀሩትም ማርካቸውን ይዘው በተጓዙ ነበር። በሁሉም ጣቢያ እኩል ሽቅብ ወጥቶ ቢገኝ ደግሞ ያን ጊዜ መሰረዙን ለመቃወም እኔም ብዕር ባላነሣሁ።

አንድ የስታትስቲክስ ተማሪ ባልንጀራዬ፣ ጐበዝ ትምህርት ቤት በስርቆት ሊጠረጠር ነው ብሎ ተቃውሞኛል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ከሌላው ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፉት ዓመታት ውጤት ጋር ቢመዘን ይቃለላል ብዬ አስባለሁ። በዚህ ላይ የተሻለ ስሌት ያላቸው የሒሳብ ክፍል መምህራን በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን እጠብቃለሁ።