ከጉዝጓዙ በፊት

ጎንደር ውስጥ ቡና ሲፈላም በዓል ሲመጣም ቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ከገበያ እቅፍ ሙሉ ቄጠማ ገዝቶ የሚገባው ሰው ግን ግቢው ውስጥ ውሃ የሚቋጥር ጥግ ካለ አፈር እየደለደለ ሊያደርቀው ይታገላል። የሚገዛው ነገር እዚያው ሊበቅልለት ይችል ነበር።

ቄጠማ በተለምዶ ሣር ይባል እንጂ ከሣር ወገን አይደለም። ግንዱን በሁለት ጣት መሐል ቢያሽከረክሩት ባለ ሦስት ጠርዝ ነው፤ የሣር አገዳ ደግሞ ድቡልቡልና ባለ አንጓ ነው። ከቅጠሉ ወደ ሥሩ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀዳዳ አካል ስላለው ውሃ የተኛበት ዋልካ አፈር አያፍነውም።

የሚተከለው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ ነው። የሥሩ ጉጥ ከነጭቃው ይነሣና በቢላ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ አንድ ቡቃያ ይያዝ። ቅጠሉ ስንዝር ያህል ቀርቶ ይቆረጥ፤ አለዚያ ሥሩ ሳይዝ ውሃ እየተነነበት ይጠወልጋል። ጥልቅ ጉድጓድ አያሻውም። የሚያሻው ዳር ላይ ድንጋይ ነው፤ በአፈር ውስጥ እየሄደ የጎመኑን መደብ የሚወር ተክል ነውና።

አጨዳው ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ማጭዱ አራት ጣት ያህል ጉቶ መተው አለበት፤ ጉቶውን ውሃ ከዋጠው የአየሩ መንገድ ይዘጋና ሥሩ ሊበሰብስ ይችላል።

ብዙዎቹ የአገር ሣሮች ግን እንዲህ እርጥብ ቦታ አይወዱም። መሶብ ሰፊዎች የሚፈልጓቸው ስንደዶና አክርማ ከጭቃው ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሻላቸዋል፤ የስንደዶው ዘለላ ክረምቱ ሲወጣ ለዓይን ብቻውን ይበቃል። ጓሳ ግን ለጎንደር ከተማ አይመከርም። እርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ብርድ የለመደ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነቅሎ ማምጣትማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው።

ቄጠማውን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ክረምቱ ራሱ ያደርሳል። ለገናና ለጥምቀት የሚያስብ ግን መደቡን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን መስከረም ላይ ሳያጭድ ያቆያል። ዋልካው ከኅዳር ጀምሮ እየተሰነጠቀ የቄጠማውን ሥር ስለሚበጥስ፣ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ወደዚያው ይደፋ፤ ከቤት የተጠረገው የደረቀ ጉዝጓዝም ስንጥቁ ላይ ይልበስ።