ጥበባዊ ፎቶግራፍና ዋልካ መሬት፦ ከአቃቂ ቃሊቲ ሲታይ

ሚካኤል ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቀው በሥዕል ነበር። የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ብሩሹን ትቶ ካሜራ ያዘ። ይህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪክ ማጣፈጫ ሆኖ ይነገራል። የሥራውን አካሄድ ለሚከታተል ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ሚካኤልን የሚያድሰው የሚያተኩርበት ነገር እንጂ የያዘው መሣሪያ አይደለም። የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች በጥቁርና ነጭ አነሳ። በሌላ ሥራው ደግሞ ወደ መካነ መቃብር ገብቶ፣ በሐውልቶች ላይ የተለጠፉትን፣ ፀሐይና ዝናብ የበላቸውን የሟቾች ፎቶዎች መልሶ ፎቶ አነሳ። የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ ለዘመድ ያቆየው መልክ በሁለተኛው እጅ የመጥፋት ማስረጃ ሆነ። ከቤት ፍርስራሽ ወደ ምስል ፍርስራሽ መሻገር መቻሉን እንደ እውነተኛ እድገት እቆጥረዋለሁ፤ ፎቶግራፍ ያስቀራል የምንለውን ነገር በራሱ በፎቶግራፍ ይጠይቃልና።

ግርማ በርታ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በስልክ ካሜራ ጎዳና ላይ ያነሳቸውን ሰዎች ከአካባቢያቸው ነጥሎ፣ ጥላቸውን ብቻ አስከትሎ፣ በደማቅ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጋፍ ተሸላሚም ሆነ። ውበቱ አያከራክርም። ነገር ግን የታወቀ ስልት ይጨክናል፤ ሰው ከየትኛውም ሰፈር ይምጣ፣ እዚያው ቀለም ውስጥ ይገባል። ከጋዜጣ ፎቶግራፍ ተነስታ ፊት ወደሚቀባበት ትዕይንት የተሻገረችው አይዳ ሙሉነህ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ የሠራችውን ሥራ ዳሎል ድረስ ሄዳ አንስታለች። ተዘጋጅቶ የሚነሳው ትዕይንቷ እዚያ በሙቀትና በጨው ምድር ተፈትኗል ብዬ አምናለሁ።

የአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማም እንዲህ ያለ መፈተኛ ነው። ፋብሪካው፣ ከጅቡቲ የመጣው ተሳቢ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ማብቂያ፣ ከአቃቂ ወንዝ የሚጠጣው የአትክልት ማሳ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ለካሜራ ይመቻል፤ ስለሚመችም ለድግግሞሽ ያጋልጣል። ከሁሉም ሥር የተኛውን ዋልካ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በበጋ አፉን ከፍቶ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ጫማ ይነቅላል፣ የቤት ግድግዳ ያነቃል። በጥር አንድ ቀን መጥቶ የሄደ ፎቶ አንሺ የሚያውቀው ደረቅ ሜዳ ብቻ ነው። በሐምሌ ተመልሶ እዚያው ቆሞ፣ ያንኑ አጥር አጋድሎ ያገኘው ግን ሌንስ ሳይቀይር ሌላ ሥራ ይጀምራል።

የግርማን ዘዴ እዚህ ብንሞክረው፣ የቀን ሠራተኛው ከመሬቱ ሲነጠል ቦት ጫማው ላይ የተጣበቀው ጭቃ አብሮት ይሄዳል። መደቡ ቢጫም ይሁን ሰማያዊ፣ ሰውዬው ከየት እንደመጣ እግሩ ይናገራል፤ ስልቱም አዲስ ነገር ለመሸከም ይገደዳል። ድጋፍ ሰጪዎችና የዐውደ ርእይ አዘጋጆች ለወጣት ፎቶ አንሺዎች በጋና ክረምት የሚያቆይ ጊዜ ቢሰጡ፣ ከዚህ ክፍለ ከተማ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚወጣ ለማየት እጓጓለሁ።