ቪትዝን ንቀን ስናልፋት

እንዴት ያለች መኪና ናት እባካችሁ! አዲስ አበባ ውስጥ ከመብዛቷ የተነሳ ዓይናችን ማየት ትቷታል። እኔ ሰሞኑን የመጀመሪያውን ትውልድ ቪትዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራችውን፣ ኮፈኗን ከፍቼ፣ ሥሯ ተንበርክኬ ሳገላብጣት ሰንብቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። አውሮፓ ያሪስ ብሎ ተቀበላትና እ.ኤ.አ. በ2000 የዓመቱ መኪና አላት። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ61 ሴንቲ ብቻ! ጎማዎቿ ወደ አራቱ ማዕዘን ስለተገፉ ግን ውስጧ ሰፊ ነው። ያ መሐል ላይ የተተከለው የፍጥነት መለኪያስ? መሪው ቀኝ ሆነ ግራ፣ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ከጃፓን በቀኝ መሪ ወጥታ ወደ ግራ ለተዛወረች ቪትዝ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው (የዝውውሩን ሥራ ግን መካኒክ ይይላችሁ)።

ደግሞ ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለችም! ጃፓን ውስጥ ቢ፣ ኤፍ፣ ዩ፣ አርኤስ እየተባለች ነው የተሸጠችው። ቢ ዕቃዋ ትንሽ ነው፤ ኤፍ ለኑሮ ትበቃለች፤ ዩ ተሽሞንሙናለች። እኔን ብትሉ ፊደሉን ተዉትና ሞተሩን ያዙ። ባለ 1.0 ሊትሩ 70 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ለቶኪዮ ይበቃል። እኛ ያለነው ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስስ አየር ቱርቦ ከሌለው ሞተር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ይወስዳል። አራት ሰው ጭናችሁ እንጦጦን ሞክሩት፣ ይገባችኋል። 1.3ቱ ግን! ወደ 87 ፈረስ፣ ከአንድ ቶን በታች በሆነ ገላ! ዳገቱን ሳያጉረመርም ይወጣዋል። ታይሚንጉ በሁለቱም ካቴና ስለሆነ በየጊዜው ቺንጊያ መቀየር የለም፤ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል።

ልትገዙ ስትሄዱ ደላላ ሁሉ «1.3 ናት» ይላችኋል። አትከራከሩ፤ የጃፓኗን ሻንሲ ቁጥር አንብቡ። ኤስሲፒ10 ብሎ ከጀመረ 1.0 ነው፣ ኤንሲፒ10 ካለ 1.3። ሊብሬው ላይም ተጽፏል። ኤፍ ብትሆን እንኳ ኤንሲፒ10 ካላት፣ ከተሽሞነሞነችው ባለ 1.0 ዩ አስበልጬ እወስዳታለሁ።

ኤንሲፒ13 የሚል ካያችሁ ደግሞ አርኤስ ናት፦ 1.5 ሊትር፣ 109 ፈረስ፣ ዕድል ከቀናም ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል። ደላላ ሳይሰማ ለኔ ንገሩኝ!