በአንድ ቃል የሚጀምሩ ሁለት መዝሙሮች

በሕንድ አገር በዐሥራ ስድስት ዓመት ልዩነት የታተሙ ሁለት መዝሙሮች አሉ። የሁለቱም ደራስያን የቤንጋል ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም መዝሙሮች «ቫንዴ» በሚል በአንድ የሳንስክሪት ቃል ይጀምራሉ። ቃሉ እሰግዳለሁ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። በ1882 ዓመት የታተመው «ቫንዴ ማታራም» የሚባለው ስግደቱን ለእናት ያቀርባል፤ እናት የተባለችውም አገሪቱ ናት። በ1898 ዓመት የታተመው «ቫንዴ ሳቺዳናንዳም» ግን ስግደቱን ለሥላሴ ያቀርባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የሚያነብ ሰው፣ በሕንድ በሃይማኖትና በአገር ፍቅር መካከል ያለው ክርክር ከየት እንደ ተነሣ ከብዙ የፖለቲካ መጽሐፍ ይልቅ ይረዳል።

የፊተኛው ደራሲ ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ ነው። መዝሙሩን «አናንዳማት» በተባለው ልብ ወለድ መጽሐፉ ውስጥ አገባው። የመጽሐፉ ታሪክ በ1770 ዓመት በቤንጋል ከሆነው ታላቅ ረኀብ ጋር የተያያዘ ነው፤ መናንያን መሣሪያ አንሥተው ከገዢዎች ጋር ሲዋጉ ያሳያል፤ መዝሙሩንም የሚዘምሩት እነርሱ ናቸው። የመዝሙሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ምድሪቱን ያወድሳሉ፤ ውሃዋን፣ ፍሬዋን፣ ነፋሷን፣ የእህሏን ልምላሜ፣ የጨረቃ ብርሃን ያረፈበትን ሌሊቷን ይጠራሉ። በዚህ ስፍራ ሂንዱም፣ እስላምም፣ ክርስቲያንም ቢዘምር ኅሊናውን የሚወቅሰው ነገር የለም። ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ግን እናቲቱ ምድር ብቻ መሆኗ ይቀርና ዱርጋ፣ ካማላ፣ ቫኒ እየተባለች በአማልክት ስም ትጠራለች። እዚህ ላይ የሚሰግደው ሰው ለማን እንደሚሰግድ መጠየቅ ግድ ነው።

በ1896 ዓመት ራቢንድራናት ታጎር ይህን መዝሙር በካልኩታ በተደረገው በኮንግሬስ ጉባኤ ላይ አዜመው። በ1905 እንግሊዞች ቤንጋልን ለሁለት በከፈሉ ጊዜ የመዝሙሩ መጀመሪያ የሕዝብ ጩኸት ሆነ። ኋላም እስላሞች ስለ ፍጻሜው ክፍል ባዘኑ ጊዜ፣ በ1937 የኮንግሬስ ሹማምንት በታጎር ምክር በአደባባይ የሚዘመሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ እንዲሆኑ ቈረጡ። በጥር ወር 1950 የሕገ መንግሥት ጉባኤው ሌላ መዝሙር ለአገሩ መረጠና ይህንም በክብር እኩል እንዲሆን አደረገ። መንግሥት ከሃይማኖት የተለየ ይሁን የሚለው አሳብ በሕንድ ከሕግ መጽሐፍ አስቀድሞ በአንድ ግጥም ላይ በምላጭ ተሠራ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግጥምን መቍረጥ ለባለቅኔ ሰው የሚያም ነገር ነው። የመወድስን ፍጻሜ ቈርጦ ጅማሬውን ብቻ ለሚያዜም ተማሪ መምህሩ ምን እንደሚለው የታወቀ ነው። በ2025 ዓመት የመዝሙሩ መቶ ኀምሳኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ የዛሬው የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በ1937 የተደረገውን ቍርጠት ወቅሰዋል፤ በምክር ቤትም ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ወቀሳው በግጥም ሕግ ብቻ ቢታይ ፍሬ ነገር አያጣም፤ ምክንያቱም ባንኪም ቻንድራ ወርቁን ያኖረው በፍጻሜው ነው፤ ምድሪቱ ሰም፣ አምላኪቱ ወርቅ ናት። ነገር ግን ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አስቀድመው ተደርሰው የቀሩት መጽሐፉ ሲጻፍ የተጨመሩ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ ምላጩ ያለፈው በስፌቱ ላይ ነው። ደግሞም ደራሲ የወደደውን ይጽፋል፤ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸውን ዜጎች በአንድነት አቁሞ ዘምሩ የሚል መንግሥት ግን ወርቁ ለማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ሊያዝዝ አይገባውም።

ወደ ኋለኛው መዝሙር ከመግባት በፊት፣ ሂንዱ የካቶሊክን ስም ሲሰማ የሚጠራጠርበት ምክንያት ከንቱ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ፖርቱጋሎች በ1510 ጎዋን ከያዙ በኋላ በአካባቢው የነበሩትን የሂንዱ ቤተ መቅደሶች አፍርሰዋል፤ በ1560 የተቋቋመው የሃይማኖት ችሎት ጥቂት ዓመት ከመቋረጡ በቀር እስከ 1812 ቆይቷል። ይህችን ጎዋ የኢትዮጵያ ካህናትም በታሪክ ያውቋታል፤ በ1625 ወደ ዐፄ ሱስንዮስ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በዐፄ ፋሲል ዘመን ከተባረረ በኋላ የተመለሰው ወደዚያው ነው። ሆኖም በዚያው በጎዋ በ1616 እንግሊዛዊው ኢየሱሳዊ ቶማስ ስቲቨንስ የብሉይንና የሐዲስን ታሪክ በማራቲ ቋንቋ፣ አገሬው በለመደው «ኦቪ» በተባለ የግጥም ቤት ደርሶ «ክሪስታፑራና» ብሎ አሳተመ። አንዱ እጅ ሲያፈርስ አንዱ እጅ በአገሩ ዜማ ይደርስ ነበር።

የ«ቫንዴ ሳቺዳናንዳም» ደራሲ ብራህማባንዳብ ኡፓድያይ በ1861 ከብራህማን ወገን ተወለደ፤ የቀድሞ ስሙ ባቫኒ ቻራን ባንድዮፓድያይ ነበር። በ1891 ተጠምቆ በዚያው ዓመት ካቶሊካዊ ሆነ። የክርስትና ስሙን ቴዎፍሎስን ወደ አገሩ ቋንቋ መልሶ ብራህማባንዳብ አለው፤ የእግዚአብሔር ወዳጅ ማለት ነው። ከአባቶቹ ስም ግን «ባንድያ» የሚለውን ፊተኛውን ክፍል ቈርጦ ጣለና «ኡፓድያይ»፣ ማለት መምህር፣ የሚለውን ብቻ አስቀረ። «ባንድያ» ምስጉን ማለት ነው፤ የተናቀው የክርስቶስ ደቀ መዝሙር ምስጉን ሊባል አይገባውም ሲል ምክንያቱን ራሱ ገልጧል።

ስለዚህ መዝሙር የጻፉ ሰዎች ይህን የስም ነገር እንደ ትንሽ የሕይወት ታሪክ አድርገው ያልፉታል፤ ዳሩ ግን የመዝሙሩ ቍልፍ በዚህ አለ። «ባንድያ» እና «ቫንዴ» የአንድ ግሥ እርባታ ናቸው። ሰውየው ከራሱ ስም ላይ ያነሣውን ምስጋና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመዝሙሩ ራስ ላይ አኖረው። ቅኔ የተማረ አንባቢ ይህን ሲያይ ሌላ ማስረጃ አይሻም። ባንኪም ቻንድራ በዚያው ቃል ምስጋናውን ለምድሪቱ አቀረበ፤ ኡፓድያይ ከገዛ ስሙ ወስዶ ለፈጣሪ አቀረበ።

የመዝሙሩ አካሄድ እንዲህ ነው። የቀደሙት የሕንድ ሊቃውንት ስለ ፈጣሪ ሲናገሩ ሦስት ቃል ያጋጥማሉ፤ ሳት፣ ቺት፣ አናንዳ ይላሉ፤ ህላዌ፣ ዕውቀት፣ ደስታ ማለት ነው። ኡፓድያይ ሳትን ለአብ፣ ቺትን ለወልድ፣ አናንዳን ለመንፈስ ቅዱስ ሰጥቶ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ክፍል ደረሰ። አሳቡ መጀመሪያ የእርሱ አይደለም፤ በወጣትነቱ የተከተለው ኬሹብ ቻንድራ ሴን በ1882 ባደረገው ንግግር ይህን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። መምህሩ ግን ንግግር አድርጎ ተወው፤ ተማሪው ጸሎት አደረገው። አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ ሲባል ያደገ ሰው የዚህን መዝሙር መንገድ እንግዳ አድርጎ አያየውም።

የድርሰቱን ሙያ ለማየት መግቢያው ይበቃል። በዚያ ስፍራ ደራሲው በድምፅ ተቀራርበው በምስጢር የሚቃረኑ ሁለት ቃላት አጋጥሞ፣ ዓለምን የወደደ ሰው እግዚአብሔርን እንደሚያቃልል፣ መናኝ ግን እንደሚሻው ይናገራል። በአማርኛ «ናቂ» እና «ናፋቂ» ብሎ እንደ መግጠም ያለ ነው። ስለ ወልድ በተናገረበት ክፍል ቃል የአብ መልክ መሆኑን በጠበቀ አነጋገር አኑሮታል። ስለ መንፈስ ቅዱስ በተናገረበት ግን፣ ከሳትና ከቺት አንድነት የሚወጣ ብሎ ያመሰግነዋል። ይህ ከአብ ከወልድም ሠረጸ የሚለው የሮማውያን ትምህርት ነው፤ የተዋሕዶ ሊቃውንት የማይቀበሉት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰውየውን ሂንዱዎችን ደስ ለማሰኘት እምነቱን በሳንስክሪት አጠበው ብለው ለሚያሙት ካቶሊኮች ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም፤ በብራህማኖች ቋንቋ ውስጥ የሮማን ትምህርት አንዲት ነጥብ እንኳ አላጐደለም።

የሮማው ሊቀ ጳጳሳት እንደራሴ ግን በሰውየው ሥራ አልታመነም። ኡፓድያይ በብርቱካናማ የሳንያሲ ልብስ ሲሄድ፣ በ1899 ሕንዳዊ ገዳም ሊያቋቁም ሲነሣ ፈቃድ ተከለከለ፤ «ሶፊያ» የተባለውን ጋዜጣውንም ካቶሊኮች እንዳያነቡ ተባለ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ አገር ነጻነት አዞረ። በ1901 ከታጎር ጋር በሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤት ጀመረ፤ በ1904 «ሳንድያ» የተባለ የቤንጋል ጋዜጣ አቋቁሞ በእንግሊዞች ላይ ብርቱ ቃል ጻፈ። በ1907 በአመፅ ተከሶ ሳለ፣ ፍርዱ ሳይፈጸም በጥቅምት ወር በካልኩታ ሐኪም ቤት ሞተ፤ አስከሬኑም በሂንዱ ሥርዓት ተቃጠለ። ታጎር በ1934 ባሳተመው «ቻር አድያይ» በተባለው ልብ ወለዱ መቅድም ላይ ኡፓድያይ በመጨረሻው ዘመኑ ስለ ራሱ ውድቀት እንደ ነገረው ጻፈ፤ የሟቹ ወዳጆች ስለ ተቈጡ መቅድሙ በኋላ እትሞች ተወገደ። ይህም ሌላ ቍርጠት ነው። ሙት መልስ አይሰጥምና መቅድሙ መጀመሪያም ባይጻፍ ይሻል ነበር።

ኡፓድያይ ከሞተ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1923፣ ቪናያክ ዳሞዳር ሳቫርካር «ሂንዱትቫ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ሂንዱ ማለት ከኢንደስ ወንዝ እስከ ባሕር ያለውን ምድር የአባቶቹ ምድር ብቻ ሳይሆን ቅድስት ምድሩም አድርጎ የሚይዝ ነው ይላል። ክርስቲያንና እስላም ግን ቅድስት ምድራቸው በሩቅ ስለ ሆነ፣ በደምና በልደት ሕንዳውያን ቢሆኑም ከዚህ ስም ይወጣሉ። አነጋገሩ አጭርና የተሳለ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ኀይሉ ያልደከመው ስለዚህ ነው። ሆኖም በልደት ሂንዱ በጥምቀት ካቶሊክ ነኝ ይል የነበረውን፣ ስለ አገሩ ተከሶ የሞተውን ሰው በዚህ ሚዛን የሚያኖርበት ስፍራ የለውም። በ«ቫንዴ ሳቺዳናንዳም» ውስጥ ሮም አልተጠራችም፤ ኢየሩሳሌምም አልተጠራችም። የሚሰገድለት በምድር አልተወሰነም። መጽሐፉ ለዚህ መዝሙር መልስ የለውም።

መዝሙሩም ነውር አለው። ቃሉ ከባድ፣ ጥምሩ ረዥም ነው፤ ለብራህማን ሊቅ የተደረሰ እንጂ ለገበሬ አይደለም። ኡፓድያይ የሕንድን የዘር ሥርዓት ይደግፍ ነበር፤ የሕንድ ክርስቲያኖች ግን ብዙዎቹ ያ ሥርዓት ከበታች ካደረጋቸው ወገኖች የወጡ ናቸው። በ2008 ዓመት በኦዲሻ ግዛት በካንዳማል፣ አንድ የሂንዱ መምህር ከተከታዮቹ ጋር ተገድሎ የነፍሰ ገዳይነቱን ኀላፊነት የኮሚኒስት ሽፍቶች ቢወስዱም፣ ሕዝብ ተነሥቶ በካቶሊኮችና በሌሎች ክርስቲያኖች ላይ ወደቀ፤ ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ፣ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ቤቶች ተቃጠሉ። ቤታቸው የተቃጠለባቸው አብዛኞቹ ድኾች፣ ከዘር ሥርዓቱ የተጣሉና የጫካ ነገድ ሰዎች ነበሩ። ሳትና ቺት ለእነርሱ ጋሻ አልሆኗቸውም። የ1950 ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ማመንን፣ ማምለክንና ማስተማርን ፈቅዶላቸዋል፤ በ1977 ግን አንድ ካቶሊካዊ ካህን በተከራከሩበት ጕዳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማስተማር ማለት ሌላውን ሰው ወደ ራስ ሃይማኖት የመመለስ መብት ማለት አይደለም ሲል ፈረደ። የሊቃውንት እርቅ በቃላት ላይ ይሆናል፤ የመንደር እርቅ ሌላ ሥራ ይሻል፤ ኡፓድያይ ያን ሥራ አልጀመረውም።

ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ ግን የሕንድ ካቶሊኮች ይህን መዝሙር በቤተ ክርስቲያናቸው ይዘምሩታል። ወደ ግእዝ ወይም ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢገኝ ሳትን «ህላዌ» አናንዳን «ፍሥሓ» ማለት አይቸግረውም። ቺትን «አእምሮ» ይበለው ወይስ «ልቡና» የሚለው ግን ብዙ ያከራክረዋል፤ ልብ በእኛ ዘንድ የአብ ነውና፣ «ልቡና» ብሎ ለወልድ የሰጠ እንደ ሆነ መዝሙሩ በሕንድ ያላገኘውን ክርክር እዚህ ያገኛል።