በሥዕል የተወጋው ሐበሻ

የህንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሞ ቀስቱን ወጥሯል። ፊት ለፊቱ በጦር ጫፍ የተሰካ የጥቁር ሰው ራስ አለ። ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1616 ገደማ የሣለው የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ አቡል ሐሰን ሲሆን፣ ራሱም የአገራችን ልጅ የማሊክ ዐንበር ነው።

በእጅ ጥበቡ እንከን የማይወጣለት ይህ ሥዕል በነገሩ ግን ውሸት ነው። ጃሃንጊር ያንን ራስ ከቶ አልቆረጠም። ማሊክ ዐንበር የሞተው ዕድሜ ጠግቦ እ.ኤ.አ. በ1626 ነው።

ዐንበር እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባግዳድ፣ ከዚያም ደቡብ ህንድ ደረሰ። «ዐንበር» የሚለው የሽቶ ስም እንኳ ጌቶቹ ያወጡለት ነው። በህንድ የገዛው ቸንጊዝ ኻን ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ሲሆን፣ እርሱ ሲሞት ዐንበር ነፃ ወጣ። ጦር አደራጅቶ የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ሆነ፤ በሽምቅ ውጊያ የሙጋልን ሠራዊት ደጋግሞ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1610 ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆርቁሮ፣ በመሬት ውስጥ ቦይ ውኃ አስገባላት። ስለዚህ ሥዕሉ የሚያሳየው የንጉሡን ኃይል ሳይሆን ንዴቱን ነው፤ በጦር ያልደረሰበትን ሰው በብሩሽ ወጋው።

ነገር ግን በጃሃንጊር ከመፍረዳችን በፊት ወደ ቤታችን እንመልከት። እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ ልጆቻችንን የቢላልን (ረ.ዐ) ታሪክ እየነገርን እናሳድጋለን። ጎረቤት ሲጣላ ግን «ባሪያ» የሚለው ስድብ ከአፋችን ይወጣል፤ ልጃችን ለጋብቻ ስትጠየቅም ከዲኑ አስቀድመን ዘሩን እንጠይቃለን። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም በአዋጅ ተሽሯል፤ ቃሉ ግን ከምላሳችን አልተሻረም። ይህስ በብሩሽ ከመውጋት በምን ይለያል?

ሌላም አለ። ዐንበርን በየገበያው ከተቀባበሉት መካከል ሙስሊም ነጋዴዎችም ነበሩ። ድሉን እያወራን ሽያጩን ብንደብቅ እኛም እንደ ሠዓሊው የሚያስደስተንን ብቻ መሣላችን ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ ለልጆችዎ ሲነግሩ ሁለቱንም ይንገሯቸው። ያ ስድብ ከቤትዎ ይውጣ። አላህ ምላሳችንን ያስተካክልልን። አሚን።